መጀመሪያ ጀርባችሁን ለባህሩ ስጡት

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ አልናከስም።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ዋና ቴክኒክ ትነግረናለህ» ብለውኝ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አልነግራችሁም። እጅ እንዴት እንደሚወረወር፣ እግር እንዴት እንደሚመታ ገንዳ ውስጥ ትማሩታላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ውሃው ነው። በተለይ ደግሞ ሞቃት አገር፣ ትልቅ ከተማ አፍንጫ ስር ስላለ ባህር ዳርቻ። ከኋላ ፎቅ፣ ከፊት ሰማያዊ ውሃ፣ መሃል ላይ በሰው የተሞላ አሸዋ። ፎቶውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እዚያ ስትደርሱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ባህሩ፣ አይደል? እኔ ግን እላችኋለሁ፦ መጀመሪያ ጀርባችሁን ለባህሩ ስጡት። ፊታችሁን ወደ ከተማው አዙሩ። አሸዋ ላይ ቆማችሁ ማለቴ ነው እንጂ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለማዕበል ጀርባ መስጠት ሌላ ጣጣ ነው። የጎርፍ ቱቦው የት ነው የሚወጣው? የድንጋይ ግንቡ የት ነው? የአውቶቡስ ፌርማታው የት ነው? ነፍስ አድኑ የት ተቀምጧል? ትናንት ዘንቦ ነበር? የከተማ ባህር ዳርቻ ላይ ባህሩ ውስጥ ብቻ አይደለም የምትዋኙት። ከተማውም ውሃው ውስጥ አለ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንድ፣ የሚጎትት ውሃ። ሁለት፣ የዝናብ ማግስት ውሃ። ሦስት፣ የሞቀ ውሃ። ስለ ሻርክ ልትጠይቁኝ ያሰባችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ። እዚህ ሁለት ወጣቶች ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። እሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ታገሱኝ።

የመጀመሪያውን ከራሴ ጉድ ልጀምር።

ዋና የተማርኩት ገንዳ ውስጥ ነው። ጎበዝ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። በወጣትነቴ ለሥራ አንዲት ሞቃት የባህር ዳር ከተማ ሄድኩ። የመጀመሪያዋ የእረፍት ቀኔ ላይ ባህር ወረድኩ። ግራና ቀኙ ማዕበል ነጭ አረፋ እያነሳ ይፈርጣል። ያስፈራል። መሃል ላይ ግን አንድ መንገድ የሚመስል ቦታ አለ። ማዕበል የለም። አረፋ የለም። ጠቆር ያለ፣ ዝም ያለ ውሃ። «የኔ ቦታ ይሄ ነው» አልኩና ገባሁ።

ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። ዞር ስል ፎጣዬ አይታይም። አሸዋው ላይ ያለው ሰው ጉንዳን አክሏል። በቀጥታ ወደ ዳር መዋኘት ጀመርኩ። እዋኛለሁ፣ ፎቁ አይቀርብም። እዋኛለሁ፣ ፎቁ ጭራሽ ይርቃል። ደረቴ ተቃጠለ። ጨው ጠጣሁ። እናቴን ጠራሁ። እናቴ ዋና አትችልም፤ ግን ጠራኋት።

የደረሰልኝ አንድ ሽማግሌ ነፍስ አድን ነው። በሚንሳፈፍ የማዕበል ሰሌዳ ላይ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ መጣ። ሰሌዳውን አስያዘኝ። አሸዋ ላይ እስክንወጣ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ከወጣን በኋላ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነበር የምትጣላው?»

እውነቱን ነው። ከማን ጋር ነበር የምጣላው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕበል ውሃ ወደ ዳር ይገፋል። የተገፋው ውሃ የሆነ ቦታ ፈልጎ መመለስ አለበት። ውሃው ስር የአሸዋ ጉብታዎች አሉ። በጉብታዎቹ መካከል ጠለቅ ያለ ቦይ ካገኘ እዚያ ይሰበሰብና ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ይህን ጅረት ሪፕ ይሉታል። ማዕበል ደግሞ የሚሰበረው ጥልቀት በሌለበት ቦታ ነው። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ እሱ ላይ አይሰበርም። ስለዚህ ከሁሉም ጸጥ ያለ መስሎ የሚታየው ቦታ፣ ሁሉን ይዞ የሚወጣው ቦታ ነው። «ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ፣ ድንጋይ» ይባል የለ? ያው ነው። የሚጮኸው ውሃ ከስሩ መሬት ስላለው ነው። ዝም ያለው ስሩ ተቆፍሯል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውንም የተረተው ሰው አንድ ነገር አይቶ መሆን አለበት።

ፍጥነቱስ? ብዙዎቹ ዝግ ያሉ ናቸው። ነገር ግን በሰከንድ እስከ 2.4 ሜትር የሚሮጥ ተለክቷል። የኦሎምፒክ ዋናተኛ 50 ሜትር ለመጨረስ 21 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ሒሳቡን ሥሩት፣ ያው ነው። ልዩነቱ ዋናተኛው 50 ሜትር ላይ ማቆሙ ነው። ውሃው አያቆምም። እኔ ማን ነኝ እንግዲህ?

ታዲያ ምን ይደረጋል? አዳምጡኝ፣ ይህቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ሪፕ ወደ ታች አይውጥም። ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ወደ ታች አይውጥም! ሰውን የሚያሰምጠው ድካሙና ድንጋጤው ነው። ስለዚህ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ። ትንፋሻችሁን አስተካክሉ። እጃችሁን አንሱ፣ ነፍስ አድኑ ይያችሁ። ጉልበት ካላችሁ ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ጎን ዋኙ፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ፣ ነጩ አረፋ ወዳለበት። አረፋ ካለ ጥልቀት የለም፣ ማዕበሉም ራሱ ወደ ዳር ይገፋችኋል። ጉልበት ከሌላችሁ ተንሳፍፋችሁ ቆዩ። ብዙ ጊዜ ጅረቱ ትንሽ ወጣ ብሎ ይደክማል። አንዳንዱ እንዲያውም ዞሮ ይመልሳችኋል። አትጣሉት።

አሁን ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ልመለስ። «ፌርማታ ምን አገባው?» ያለ ሰው አይጠፋም። ሲድኒ ውስጥ ቦንዳይ የሚባል ዝነኛ ባህር ዳርቻ አለ። በደቡብ ጫፉ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፋ ሪፕ አለ። የአካባቢው ሰው «የባክፓከሮች ሪፕ» ይለዋል፣ ቦርሳ አዝለው አገር ለሚዞሩ ወጣቶች ማለት ነው። ለምን? አውቶቡሱ የሚያወርደው እዚያው አጠገብ ነው። እንግዳው ከአውቶቡስ ይወርዳል፣ ፎጣውን ያነጥፋል፣ ፊት ለፊቱ ወዳለው ውሃ ይገባል። ፊት ለፊቱ ያለው ደግሞ ሪፑ ነው። አያችሁ? የት እንደምትዋኙ የመረጠላችሁ አውቶቡሱ ነው። እናንተ አልመረጣችሁም።

እዚያው ቦንዳይ ላይ በየካቲት 6 ቀን 1938 (ዛሬ ዓመት ስጠራ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፣ ትልልቅ ማዕበሎች ተከታትለው መጡ። ውሃው ስር ባለ የአሸዋ ጉብታ ላይ ቆመው ይጫወቱ የነበሩ 300 የሚሆኑ ሰዎችን ጠርገው ወደ ውስጥ ወሰዱ። በቅጽበት። እንደ ዕድል ሆኖ ብዙ ነፍስ አድኖች እዚያው ነበሩ። ያም ሆኖ 5 ሰው ሞተ። ያን ቀን «ጥቁር እሁድ» ይሉታል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ቆመው ነበር እንጂ እየዋኙ አልነበረም። እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ መቆም በራሱ ዋስትና አይደለም።

የድንጋይ ግንብ ነገርም እንዲሁ ነው። ከተሞች አሸዋቸው በውሃ እንዳይወሰድባቸው ወደ ባህር የሚዘልቅ የድንጋይ ግንብ ይሠራሉ። በዳርቻው ተከትሎ የሚሄደው ውሃ ግንቡን ሲመታ መሄጃ ያጣል። ታጥፎ ወደ ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ግንብ አጠገብ ጅረት እንዳለ ቁጠሩ። ልጆች ደግሞ የሚወዱት ግንቡን ነው፤ ሸርጣን አለበት፣ ጥላ አለው።

ባንዲራውን እዩ። ቀይና ቢጫ ግማሽ በግማሽ የሆነ ሁለት ባንዲራ ተተክሎ ካያችሁ፣ በሁለቱ መካከል ዋኙ፤ የሚጠበቀው ቦታ እሱ ነው። ሙሉ ቀይ አደጋ ነው። በብዙ ቦታ ሁለት ቀይ ማለት ውሃው ተዘግቷል። ወይን ጠጅ ቀለም ካያችሁ የሚናደፍ ነገር አለ። ቀለሞቹ ከአገር አገር ይለያያሉና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውን አንብቡ። ወይም ነፍስ አድኑን ጠይቁት። «ዛሬ የት ልግባ?» በሉት። ቀኑን ሙሉ ያንን ውሃ ሲያይ ነው የሚውለው። እስካሁን ይህን ተጠይቆ ደስ ያላለው ነፍስ አድን አላየሁም።

ከነጥቤ ትንሽ ልውጣ። ሰው ሲሰምጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፊልም ላይ ይጮኻል፣ እጁን ያወራጫል። ፍራንክ ፒያ የሚባል የኒውዮርክ ነፍስ አድን ነበር። ኦርቻርድ ቢች ላይ እውነተኛ መስጠሞችን በካሜራ ቀርጾ አጠናቸው። ያየው ሌላ ነገር ነው። የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም። ለመጮኽ ትርፍ ትንፋሽ የለውም። እጁን አያውለበልብም፤ ውሃውን ወደ ታች እየተጫነ አፉን ለማውጣት ነው የሚታገለው። አካሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይላል። ይህ ሁሉ ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

እኔ አንድ ቀን አይቻለሁ። አባት ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ስልክ ያወራል። ሴት ልጁ ከኋላው፣ ክንዱን ቢዘረጋ የሚደርስባት ርቀት ላይ ናት። ድምፅ የለም። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወድቋል፣ አላነሳችውም። እሱን ነው ያየሁት፤ ልጅ ዓይኗ ላይ ፀጉር ወድቆ ዝም አትልም። ሮጠን አወጣናት። አባትየው ስልኩን ገና አልዘጋም ነበር። ልጅቷ ደህና ናት፣ ተመስገን። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ ውስጥ ውሃ ዳር ሆኖ ስልክ የማያይ ማን ነው?

ሰው ለማውጣት ባዶ እጃችሁን አትግቡ። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል፤ እናንተን ካገኘማ ይጨብጣችኋል፣ አብራችሁ ትወርዳላችሁ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩ። ኳስ፣ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን፣ የፈለገ ይሁን። የሃዋዩን ዱክ ካሃናሞኩን ታውቁታላችሁ? ዋይኪኪ ባህር ዳርቻ ያደገ፣ በ1912 እና በ1920 ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ነፃ ዋና ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። በ1925 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀልባ ተገለበጠ። ዱክ 8 ሰው አተረፈ። ባዶ እጁን ገባ? አልገባም! የማዕበል ሰሌዳውን ይዞ ነው የተመላለሰው። የኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ ሰሌዳ ከያዘ፣ እኔና እናንተ ምን ቤት ነን?

እሺ፣ ሁለተኛው። የዝናብ ማግስት።

ዝናብ ሲዘንብ ከተማው ይታጠባል። ደስ ይላል። የታጠበበት ውሃ ግን የት ይሄዳል? የመንገድ ዘይት፣ የውሻ ኩስ፣ የቆሻሻ ገንዳ ጭማቂ ሁሉ በቱቦ ወርዶ ባህር ይገባል። በአንዳንድ ከተማ ደግሞ የጎርፉም የሽንት ቤቱም ቱቦ አንድ ነው። በደረቅ ቀን ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ይሞላና ትርፉ ሳይጣራ ወደ ባህሩ ይለቀቃል። ባርሴሎና እንዲህ ዓይነት ቱቦ ያላት ከተማ ናት። ዛሬ የምታዩት አሸዋዋ አብዛኛው ለ1992ቱ ኦሎምፒክ የተሠራ ነው፤ ከዚያ በፊት ዳርቻው የፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ሰፈር ነበር። ዶፉን ለጊዜው ይዘው የሚያቆዩ ግዙፍ ማጠራቀሚያዎችም መሬት ስር ሠርታለች። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ግን አሁንም ዋና የሚከለከልበት ቀን አለ።

የደቡብ አፍሪካዋን ደርባንንም እዩ። በሚያዝያ 2022 ታላቅ ጎርፍ የፍሳሽ ማጣሪያዎችንና ቱቦዎችን አበላሸ። ፀሐይ ወጣ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ባህሩ ያምራል። ባህር ዳርቻዎቹ ግን ለወራት ተዘጉ። ከተማው ሲታመም ባህሩ ይታመማል።

እኔ ይህንን የተማርኩት በጆሮዬ ነው። ቃል በቃል በጆሮዬ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ብራ ሆነ። ባህር ዳርቻው ባዶ ነው። «ሰነፎች፣ ሁሉም ተኝቷል» አልኩ። ሰዎቹ ግን ብልጦች እንጂ ሰነፎች አልነበሩም። አንድ ሰዓት ሙሉ ዋኘሁ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ አበጠ፣ ሳምንቱን በአንድ ጆሮ እየሰማሁ ጨረስኩት። በኋላ ሄጄ ሳይ፣ የዋኘሁት ከቱቦው አፍ 50 እርምጃ ላይ ነው። ማስጠንቀቂያ ሰሌዳም ነበረ። ጃንጥላ የሚያከራይ ሰው ጃንጥላዎቹን አስደግፎበታል።

«ውኃው ይመረመር የለ?» ትሉኛላችሁ። ይመረመራል። ከሰው አንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎች ይቆጠራሉ። በአውሮፓ ሕብረት ደንብ የባህር ውሃ «እጅግ ጥሩ» ለመባል በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ ከ250፣ ኢንተሮኮከስ ከ100 መብለጥ የለበትም፤ ያውም የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ናሙና ውጤት ተሰልቶ። ግን የተለመደው ምርመራ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪያድግ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የምታነቡት ውጤት የትናንት ውሃ ነው። የትናንቱ ውሃ ደግሞ ሄዷል። ከውጤቱ ይልቅ ሰማዩን እመኑ። ዘንቦ ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ይሻላል ሁለት ቀን ጠብቁ። ሎስ አንጀለስ አካባቢማ 72 ሰዓት ጠብቁ ነው የሚሉት። ቱቦ አፍ አጠገብ ደግሞ ዝናብ ኖረም አልኖረም አትግቡ።

እናቶች፣ አባቶች፣ ይህን ስሙኝ። ቱቦው አሸዋ ላይ ሲፈስ ትንሽ ኩሬ ይሠራል። ሞቅ ያለ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ማዕበል የለውም። ለሕፃን የተሠራ ነው የሚመስለው። ከዳርቻው ሁሉ የቆሸሸው ውሃ እሱ ነው። በየሄድኩበት ከተማ ሕፃናት ተቀምጠውበት አይቻለሁ። በየሄድኩበት!

ሦስተኛው፣ የሞቀ ውሃ። ይሄንን አላንዛዛውም።

ሁላችንም ቅዝቃዜን ነው የምንፈራው። ሙቀትን ማንም አይፈራም። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ውሃ ውስጥ ላብ ወዴት ይተናል? የሚያቀዘቅዛችሁ ውሃው ራሱ ነው። እሱም ከሞቀ ጠንክራችሁ ስትዋኙ ሙቀቱ ውስጣችሁ ይጠራቀማል። በጥቅምት 2010 በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ፉጃይራ በተደረገ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ፍራን ክሪፐን የተባለ የ26 ዓመት አሜሪካዊ ዋናተኛ ሞተ። የዓለም ደረጃ ዋናተኛ ነው። ውሃው ሞቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የክፍት ውሃ ውድድር ከ31 ዲግሪ በላይ እንዳይደረግ የተወሰነው። በነሐሴ የዱባይ ባህር ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ማለዳ ዋኙ፣ አጭር ዋኙ፣ ውሃ ጠጡ። ባህር ውስጥ ሰው ይጠማል፤ አይታወቀውም እንጂ።

የሞቀ ውሃ እንግዳም አለው። ዋይኪኪ ላይ ጄሊፊሽ የሚባሉ የሚናደፉ መርዘኛ የባህር እንስሳት ሙሉ ጨረቃ ከወጣች ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ዳር ይመጣሉ፤ ነፍስ አድኖቹ የቀን መቁጠሪያ ይዘው ነው የሚጠብቁት። ከተነደፋችሁ ሽንት አታፍስሱበት። እየሳቃችሁ ነው፣ ግን የሚያደርግ አለ። አይረዳም። በአሸዋም አትፈትጉት። ነፍስ አድኑ ዘንድ ሂዱ፤ እዚያ ውሃ ውስጥ ያለውን ዝርያና መድኃኒቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ሞቅ ያለ፣ የወንዝና የባህር ውሃ የተቀላቀለበት ቦታ አይግባ። ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ በቁስል ይገባል፣ አንዳንዴ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። በተለይ ጉበቱን የሚያመው ሰው ይጠንቀቅ።

ጨረስኩ። አሁን ሁለታችሁ፣ ሻርካችሁን አምጡ።

ሻርክ በዓለም ዙሪያ በዓመት የሚገድለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በመስጠም ሞቱ ብሎ የገመተው 300 ሺህ ሰው ነው። ደርባን ከ1952 ጀምሮ የሻርክ መረብ ዘርግታለች። ሰዉ ግን መረቡ ግድግዳ ይመስለዋል። ግድግዳ አይደለም፤ ሻርክ ከላዩም ከጎኑም ያልፋል። መረቡ የሚሠራው አካባቢው ያሉትን እየያዘ ቁጥራቸውን በመቀነስ ነው። ዔሊና ዶልፊንም አብሮ ስለሚይዝ ብዙ ክርክር አለበት። እኔ በባህር ዘመኔ ሁሉ ሻርክ አንድ ጊዜ ነው ያየሁት። መስታወት ውስጥ፣ ትኬት ቆርጬ። ያንን ዝም ያለ ጥቁር ውሃ ግን እስካሁን በየሄድኩበት አየዋለሁ።

በሉ፣ ማይኩን ለልጁ ስጡት። ገና ሌላ ጥያቄ አለው መሰለኝ።